ጂምቡን ዛሬ ምን በላ

ኩሲት ብዙ የማትናገር ሴት ነበረች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙር ሲዘመር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማ ነገር ግን የለም። የመንደሩ ሴቶች ወንዝ ዳር ተሰብስበው የተዘፈዘፈውን ቁንዶ በርበሬ እያሹ የሰው ስም ሲያነሱና ሲጥሉ፣ እሷ ጎንበስ ብላ ልጣጩን ታጥባለች። ሲስቁ ትስቃለች። አንድ ነገር ከተጠየቀች «እ» ትላለች፤ እሱም አዎ ይሁን አይደለም ለይቶ የሚያውቀው ባሏ ጂምቡን ብቻ ነው።

ጂምቡን ደግሞ የሁለት ሰው ያህል ያወራ ነበር። «ሚስቴ አፏን እኔ ዘንድ ነው ያስቀመጠችው» ይላል ሰው ሲያሾፍበት። «ምን ላድርግ? የአደራ ዕቃ ነው፤ ካልተጠቀሙበት ይዝጋል።»

ኩሲት ፊቱን ከማየቷ በፊት ያወቀችው ድምፁን ነው። የአባቷ የቁንዶ በርበሬ ማሳ ከሸለቆው በዚህኛው ወገን፣ የጂምቡን አባት ማሳ በዚያኛው ወገን ነበር። እሷ መሰላል ላይ ቆማ ዘለላውን ስትለቅም፣ ከማዶ አንድ ሰው ሸለቆውን ሙሉ ሲያስተጋባው ይውላል። ዝናቡ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ የማን ሚስት እንደወለደች፣ የማን አሳማ እንደጠፋች ሳይጠየቅ ይናገራል። አንድ መከር ሙሉ ሰማችው። ሽማግሌ ይዞ ቤታቸው የመጣ ዕለት በመጋረጃው አጮልቃ ስታየው አጭር ሰው ሆነባት። ድምፁ የረጅም ሰው ድምፅ ነበር። ቢሆንም «እ» አለች፤ አባቷም በዚያን ቀን ትርጉሙን አላጣውም።

የመጀመሪያ ልጃቸው ወንድ ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ያን ጊዜ ኩሲት አላለቀሰችም፣ አልተናገረችም፤ ግድግዳ ስታይ ትውላለች። ጂምቡን አይዞሽ አላላትም። አጠገቧ ተቀምጦ ስለማይረባ ነገር ሲያወራላት ከረመ። ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ስለ አጎቱ እብሪተኛ አውራ ዶሮ፣ ስለ ወንዙ አሳ። አንድ ቀን አውራ ዶሮው ቄሱን እንዴት እንዳባረረ ሲነግራት ሳታስበው ሳቀች፤ ከሳቁ ቀጥሎ ልቅሶው መጣ። እሱ ወሬውን ሳያቋርጥ እጇን ያዘ። ከዚያ ፍሎሪያ ተወለደች፤ በሀገሩ ልማድ እነሱም ከዚያ ወዲህ የፍሎሪያ አባትና የፍሎሪያ እናት ተባሉ።

ፍሎሪያ አድጋ ከመንደሩ ራቅ ባለው ትልቁ ከተማ፣ ኩቺንግ፣ በአንድ የልብስ ሱቅ መሥራት በጀመረች በጥቂት ዓመት ውስጥ የጂምቡን ድምፅ መሻከር ጀመረ። በመከር ሰሞን ስለነበር ሁሉም ጩኸት ነው አለ። ማር ጠጣ፣ ዝንጅብል አኘከ። ከዚያ ጆሮውን ያመው ጀመር፤ ቀጥሎ አንገቱ ጎን ላይ የድርጭት እንቁላል የምታህል እብጠት ወጣች። ፍሎሪያ ለእረፍት መጥታ እብጠቷን ስታይ የቤት ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወደ ከተማ በሚሄደው ሚኒባስ ላይ ጎትታ አሳፈረችው። ኩሲትም ከኋላ ተከተለች።

በከተማው ትልቅ ሆስፒታል የተቀበለቻቸው የካንሰር ሐኪም ዶክተር ቫሳንታ ትባላለች። ባሕር ማዶ ካለው ከኢፖ ከተማ በወጣትነቷ መጥታ እዚያው የቀረች፣ ፀጉሯን እንደነገሩ የምትጠቀልል፣ ስትናገር የሰው ዓይን የማትሸሽ ሴት ናት። ናሙና ተወሰደ፣ ፎቶ ተነሣ። ውጤቱ የመጣ ቀን ሦስቱንም አስቀምጣ በወረቀት ላይ ጉሮሮ ሣለች።

«አጎቴ፣ ዕጢው እዚህ ነው፤ ማንቁርትዎ ላይ» አለችው፣ ታላቅን በሚያከብሩበት በአገሩ አጠራር። «ሁለት መንገድ አለን። አንዱ ቀዶ ጥገና ነው። ማንቁርቱም አብሮ ይወጣል። አንገትዎ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ይተነፍሳሉ። ይህ የለመዱት ድምፅ ግን አይኖርም።»

«ሁለተኛውን ይንገሩኝ» አለ ጂምቡን፣ የመጀመሪያውን እንዳልሰማ።

«ሁለተኛው ጠንካራ ኬሞ ነው። ሦስት መድኃኒት አንድ ላይ በደም ሥር ይሰጣል። ዕጢው ከሟሸሸልን የቀረውን በጨረር እንጨርሰዋለን፤ ማንቁርትዎም ሊተርፍ ይችላል። ነገር ግን ይህ መድኃኒት ሰው ይጥላል። አፍ ያቆስላል፣ ኩላሊት ይመታል፣ ጆሮ ያደክማል፣ ደም ያሳንሳል። የቻለው ይወጣዋል። ያልቻለውን በሽታው ሳይሆን መድኃኒቱ ይገድለዋል።»

«እኔ እችላለሁ! እንደ ብረት የሚከብድ የእንጨት ግንድ በትከሻዬ ተሸክሜ ተራራ የምወጣ ሰው ነኝ።»

«መቼ?»

ጂምቡን ጣሪያውን አየ። «ድሮ» አለ።

«እኔ ዘንድሮን ነው የምጠይቅዎት» አለች ሐኪሟ፣ ሁሉም ሳቁ።

ከሳቁ በኋላ ወደ ኩሲት ዞረች። «አክስቴ፣ የኔ ከባዱ ሥራ ማን እንደሚችለው ቀድሞ መገመት ነው። ደም አያለሁ፣ ኩላሊት አያለሁ፣ ጆሮ አስመረምራለሁ፣ እመዝናለሁ። ይሄ ሁሉ ግን ግማሹን ነው የሚነግረኝ። አንድ ዓይነት ዕጢ፣ አንድ ዓይነት ዕድሜ ያላቸው ሁለት ሰዎች ይመጣሉ፤ አንዱ እያጉረመረመ ይወጣዋል፣ ሌላው በሁለተኛው ዙር ከእጄ ያመልጣል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚያየውን ሰው እጠይቃለሁ። በቀን ምን ሲሠራ ይውላል? ምግብስ ይበላል?»

«እ» አለች ኩሲት።

«አዎ ማለቷ ነው» አለች ፍሎሪያ።

ሐኪሟ ግን ዓይኗን ከኩሲት ላይ አላነሣችም። ኩሲት ጉሮሮዋን ጠራረገች። «ማሳ ይውላል። ይበላል። የቀረበለትን አይመልስም» አለች። ለእሷ ይህ ረጅም ንግግር ነበር፤ ደግሞም ያመነችውን ነው የተናገረችው።

በእነሱ አገር የቀረበን ምግብ ሳይቀምሱ መሄድ አደጋ መጥራት ነው። ምግብ ገፍቶ የወጣ ሰው እባብ ይነድፈዋል፣ ገጀራው እግሩ ላይ ያርፋል ይባላል። ስለዚህ የቸኮለ መንገደኛ በጣቱ ጫፍ ምግቡን ነክቶ ከንፈሩን ይነካል፤ በቃ፣ እንደቀመሰ ይቆጠርለታል። ከነካ በኋላ እንደገና ብላ ብሎ መወትወት ነውር ነው። ሰውዬው ግዴታውን ተወጥቷል፤ ሳህኑን ማየትም የማንም ጉዳይ አይደለም። ይህ ግን የእንግዳና የመንገደኛ ልማድ ነው። በገዛ ቤቱ፣ በየማዕዱ የሚነካ ሰው ማንም አያውቅም።

ጂምቡን ይህን ልማድ ቤቱ አስገባው። አመጣጡ ቀስ ያለ ስለነበር ኩሲት ልብ አላለችም። ጠዋት ገንፎው ሲቀርብ ጣቱን ይነክራል፣ ከንፈሩን ይነካል፣ «ፀሐይ ሳትከር ማሳ ልድረስ፤ ምሳዬን ቋጥሪልኝ፣ እዚያ በደንብ እበላለሁ» ይላል። እሷም ሩዝና የካሳቫ ቅጠል፣ አንዳንዴ በቀርከሃ የበሰለ ዶሮ በቅጠል ጠቅልላ ትሰጠዋለች። ማታ ደግሞ «ማሳው ላይ ጠግቤ ነው የመጣሁ» ብሎ ሁሉንም ነካ ነካ ያደርጋል። አጥንቱ ወጥቷል፤ እሱንስ ታያለች። ግን በሽታ ያከሳል፣ ብላ አመነች። ነክቷልና ደግማ አልጠየቀችም።

ታላቅ እህቱ ኒሶት ሰው ካላጎረሰች የማይሞቃት ሴት ናት። ከሆስፒታል በተመለሱ በሳምንቱ ድስት በጭንቅላቷ ተሸክማ መጣች።

«ና ብላ! መንፈስ መስለሃል!»

ጂምቡን ጣቱን ሰደድ አድርጎ ከንፈሩን ነካ። «እህቴ፣ እጅሽ አሁንም ጨው ያበዛል።»

«በጣት ጫፍ ጨው የምትለይ፣ አፍህ እንደ ድሮው ነው ማለት ነው!» አለች ኒሶት ደስ ብሏት። ከዚያ በረንዳው ሥር የተኛውን፣ ከጂምቡን ጋር ማሳ የሚውለውን ውሻ አየች። «ይሄ ደግሞ ሰርግ ቤት ነው እንዴ የሚውለው? በመንደሩ ያሉ ውሾች ጎድናቸው ይቆጠራል፣ የናንተው አሳማ መስሏል እኮ!»

ሁሉም ሳቁ። ጂምቡን ከሁሉም ይበልጥ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና እስኪያልፍለት ግድግዳ ደገፈ። ኩሲት ግን ውሻውን ስታይ ቆየች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሊመጣ ሲል ማሳ ወጣች። እንደ ልማዷ ከታች ሆና እስኪያያት አልጠበቀችም። በተሰቀሉት የቁንዶ በርበሬ ሐረጎች መካከል ስትሄድ የባሏን የተሰነጠቀ ድምፅ ሰማች። ጎጆው ደጃፍ ተቀምጧል፤ ቅጠሉ ጭኑ ላይ ተፈትቷል። ውሻው ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብሏል። ጂምቡን ጥቂት ሩዝ በጣቱ ቆንጥሮ ወደ አፉ ከተተ። ዋጠ፤ ማለትም ለመዋጥ ሞከረ። አንገቱን ጨብጦ ወደ ፊት ተጠማዘዘ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ሩዙን መልሶ መዳፉ ላይ ተፋው። ከዚያ ቅጠሉን ወደ ውሻው ገፋ አደረገ።

«በል ብላ» አለው። «ቢያንስ አንዳችን እንወፍር።»

ኩሲት ከሐረጉ ጀርባ እንደቆመች ዝናቡ ጀመረ። ባትፈልግም መውጣት ነበረባት፤ ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ዝናቡ ጎጆው ጣሪያ ላይ ሲወርድ ሁለቱም ውሻው ሲበላ ያያሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«እየዋጥኩ ነው እኮ፤ ፈሳሽ ፈሳሹን። የኮኮናት ውሃ፣ የሩዝ ውሃ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ጂምቡን መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። 

«የፍሎሪያ እናት፣ ስሚኝ» አለ። «ሐኪሟ ይሄን ከሰማች ጠንካራውን አትሰጠኝም። ሰውዬው ደካማ ነው ትልና ትቆርጠኛለች። ከዚያ እኔ ምንድን ነኝ? ማሳው ውስጥ የቆመ እንጨት። ሐረግ ልታስሪብኝ ትችያለሽ።»

«መድኃኒቱ ቢገድልህስ?»

«እያወራሁ ልሙት።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አንቺ ምንም አትዋሺ። ዝም በይ ብቻ። ዝም ማለት እንደሆነ ሙያሽ ነው፤ ዕድሜሽን ሙሉ ያለ ደሞዝ ስትሠሪው ኖረሻል።»

ኩሲት «እ» አለች። ጂምቡን ጉልበቷን መታ መታ አደረገ፤ እሺ እንዳለችው ቆጠረው። እሷ ራሷም ምን እንዳለች አላወቀችም።

ሐኪሟ እስከሰጠቻቸው ቀጠሮ ድረስ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፈቻቸው እሷ ነች የምታውቀው። ገንፎውን አቅጥና በጨርቅ አጥልላ ሰጠችው፤ ግማሹ በአፍንጫው ተመለሰ። ጡት እንደሚጥል ሕፃን በማንኪያ ልታጠጣው ስትሞክር «እህቴ እንዳትመጣ፣ ታዝለኛለች» ብሎ ሳቀባት። እንዲያወራ ትፈልጋለች፤ ባወራ ቁጥር ግን ይህ ድምፅ ነው የሚጠፋው ትላለች በልቧ። ዝም ካለች ድምፁን ታተርፍለት ይሆናል፤ ሰውዬውን ግን ማን ያተርፍለታል? ከተናገረች ደግሞ፣ ያን ጊዜ ልጃቸው ሲሞት ከግድግዳው ላይ ያነሣትን ድምፅ በገዛ አፏ አሳልፋ ልትሰጥ ነው። ከሸለቆው ማዶ የሰማችውን ያን ድምፅ።

የቀጠሮው ቀን ጠዋት ጂምቡን ንጹሕ ሸሚዙን ሲለብስ የጋብቻ ቀለበቱን አየች። ከጣቱ እንዳይወልቅ ውስጡን በክር ጠምጥሞታል። ክሩ ጠቁሯል፤ ከተጠመጠመ ሰንብቷል።

ዶክተር ቫሳንታ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛው ላይ አንዱ በሽተኛ ያመጣው የብስኩት ሳህን ነበር። ሐኪሟ ሳህኑን ገፋ አድርጋ ወረቀቶቿን አገላበጠች፤ ፊቷ ከበድ ብሏል።

«አጎቴ፣ ክብደትዎ በጣም ወርዷል። ደምዎ ያን ያህል አልከፋም፤ ኩላሊትዎ ትንሽ ደከም ብሏል፣ ውሃ ቢጨምሩ ጥሩ ነው። እንግዲህ የማስበውን ልንገራችሁ?» ወደ ሁሉም ተመለከተች። «እየበላ እንዲህ የሚከሳ ሰው፣ ዕጢው ነው የሚበላው ማለት ነው። ይህ ዕጢ ችኩል ነው፤ እኛም ጊዜ አንሰጠውም። ሰኞ ይግቡና ጠንካራውን እንጀምር።»

ፍሎሪያ እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ በደስታ አለቀሰች። ጂምቡን ጉልበቱን በጡጫ መታ፤ «ብዬ ነበር! አላልኩም?» አለ። ሲመታ ክር የተጠመጠመበት ቀለበት ተሽከረከረ።

«አይበላም» አለች ኩሲት።

ድምፁ ከእሷ እንደወጣ መጀመሪያ ላይ ማንም አልተረዳም። ፍሎሪያ ወደ በሩ ዞራ ነበር የተመለከተችው።

«ምን አሉኝ አክስቴ?»

«አይበላም። ይነካል።» ኩሲት እጇን ዘርግታ ብስኩቱን በጣቷ ጫፍ ነካች፣ ከንፈሯን ነካች። «እንዲህ። ጠዋትም ማታም። ምሳውን ለውሻ ነው የሚሰጠው፤ ውሻው ወፍሯል። የቀጠነ ገንፎ እንኳ ስሰጠው በአፍንጫው ይመለሳል። ማሳ ይውላል ብዬ ነበር፤ ተቀምጦ ነው የሚውለው፤ ሰሞኑን ዘለላውን የምለቅመው እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ቀን ይበላል ያልኩት መስሎኝ ነው። አሁን ግን አውቃለሁ። አይበላም።»

«የፍሎሪያ እናት!» አለ ጂምቡን። 

ዶክተር ቫሳንታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መንካቱን ታውቀዋለች፤ ስንት ዘመን በየመንደሩ ተጋብዛ ራሷም ነክታለች። ሰው በገዛ ቤቱ ማዕድ ላይ፣ ከሚስቱ ተደብቆ ያደርገዋል ብላ ግን አስባ አታውቅም። ተነሥታ ወንበሯን ዞር አድርጋ ከጂምቡን አጠገብ አመጣችው።

«አጎቴ፣ ይህ ሌላ ነገር ነው» አለችው። «እርስዎን የሚያከሳዎት ዕጢው ብቻ አይደለም። ርቦዎታል። በተራበ ሰው ላይ ይህን መድኃኒት አላፈስም። አንድ ጊዜ አፍስሻለሁ። ሰውዬው ጠንካራ ይመስል ነበር፤ ቀልደኛም ነበር፤ እኔም ቤት ያለውን ሰው አልጠየቅኩም። ቀልዱን አምኜ ጀመርኩለት።» ቀጥላ የሰውዬውን መጨረሻ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቀም። «አሁን እምቢ አላልኩዎትም። በአፍንጫዎ ቀጭን ቱቦ እናስገባለን፤ በሱ እንመግብዎታለን። ሲያገግሙ ደግመን እንለካለን። ያን ጊዜ እንወስናለን።»

ጂምቡን ወለሉን እያየ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ኮሪደሩ ላይ ፍሎሪያ እናቷን ክንዷን ይዛ አስቆመቻት። «እማዬ፣ ዝም ብለሽ ኖረሽ ኖረሽ፣ ዛሬ ነው የምትናገሪው?»

ኩሲት ያላትን ቃል ሁሉ ሐኪሟ ክፍል ውስጥ ጨርሳው ነው የወጣችው።

ከዚያ በኋላ ዝም ያለው ጂምቡን ነው። ቱቦው ገባለት፤ ወተት የመሰለው ምግብ በሲሪንጅ በቱቦው ይሰጠዋል። ነርሶቹ አስተምረዋት ምግቡን የምታፈሰው ኩሲት ነች። ሲሪንጁን ከፍ አድርጋ ትይዛለች፣ ነጩ ነገር ቀስ እያለ ይወርዳል፣ እሱ መስኮት ያያል። አጠገቡ ከተኛው ሽማግሌ ጋር ያወራል፣ ከነርሶቹ ጋር ያወራል፤ ለእሷ ግን የለም። ኩሲት በዝምታ ውስጥ ያደገች ብትሆንም ይህን ዓይነቱን ዝምታ አታውቀውም ነበር። ልብሱን ታጥባለች፣ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ታርሳለች። ሊነጋጋ ሲል አንዳንዴ ቀና ብላ ስታይ ዓይኑ እሷ ላይ ሆኖ ታገኘዋለች፤ ወዲያው ይመልሰዋል።

አንድ ቀን ምግቡን ስታፈስ ሲሪንጁ ዘንበል አለባትና ጥቂት አንሶላው ላይ ፈሰሰ።

«አፈሰስሽው» አለ ጂምቡን።

ኩሲት ቀና ሳትል «እ» አለች።

«ውሻው ምን ይበላ ይሆን አሁን?»

«ይከሳላ።»

ጂምቡን በአፍንጫው ሳቀ፤ ቱቦው ተንቀጠቀጠ። «ምስኪን። የሞቀ ቤቱን አፈረስሽበት» አለና እጁን አንሶላው ላይ ዘረጋ። ኩሲት ሲሪንጁን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ እንደያዘች ሌላውን ሰጠችው። ከዚያች ሰዓት ወዲህ እንደ ቀድሞው አወራላት። ስለ ሽማግሌው ማንኮራፋት፣ ስለ ነርሷ ጫማ።

ሥጋ መልበስ ጀመረ። ቀለበቱም ክሩን ፈትተው ቢያደርጉት የማይወልቅ ሆነ። ደረጃውን ይወጣል፤ እየወጣም የሚያገኘውን ሁሉ ያናግራል። ፍሎሪያ በሥራ መውጫዋ ስትመጣ «ጠንካራውን ይሰጡታል፣ አያችሁት አይደል?» ትላለች። ኩሲትም ማመን ጀመረች። እንደገና የተለካ ቀን ዶክተር ቫሳንታ ወረቀቱን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሐኪም አልጋ ላይ የሚቀመጠው ለደግ እንዳልሆነ ኩሲት እዚያ ሰንብታ አውቃለች።

«ክብደትዎ ጥሩ ነው። ጉልበትዎም ጥሩ ነው። ኩላሊትዎ ግን አልተመለሰም። ጥም ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ውሃውን ሰጥተነው አየነው፣ አልሆነም። በዚህ ኩላሊት ያንን መድኃኒት አይችሉትም አጎቴ። አሁን የተመገበ ሰውነት አለዎት፤ ቀዶ ጥገናውን በደንብ ይችሉታል። እኔ የምመክርዎት እሱን ነው።»

ጂምቡን ትራሱን ተደግፎ ቀና አለ። «ያን ሰኞ ቢጀምሩልኝ ኖሮስ?»

ሐኪሟ ኩሲትን አየቻት፣ ከዚያ እሱን። «አላውቅም» አለች። «ይወጡት ነበር ብዬ አልምልም፤ አይወጡትም ነበር ብዬም አልምልም። ሥራዬ ግምት ነው። የማውቀው ዛሬ ያለውን ነው፤ ዛሬ ባለው አልሰጥዎትም።»

ኩሲት ይህን መልስ ለብዙ ዘመን ይዛው ኖረች። አንዳንድ ቀን ይቀልላታል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ እንደ አዲስ ያማታል።

ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ ፍሎሪያና ነርሶቹ ሁለቱን ብቻቸውን በክፍሉ በረንዳ ላይ ተዉአቸው። ኩሲት ጠበቀች። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ጋብቻ ነው፤ ዛሬ አንድ ነገር ይለኛል አለች። ጂምቡን ጀመረ። ከላይኛው ጫፍ ያሉት ሐረጎች ሥራቸው እየበሰበሰ ነው፤ ሳይዛመት ነቅለሽ አቃጥያቸው። አዲሱን ሐረግ ስታስሪ ገመዱን አታጥብቂው፣ ይታነቃል። ኒሶት ጨው ታበዛለች፤ ዝም ብለሽ ብዪላት። ጣሪያው በምሥራቅ በኩል ያፈሳል። ሁሉን በዝርዝር ተናገረ። ድምፁ ተሰነጣጥቆ አልቆ ነበር፤ ቢሆንም እስኪጨርስ አላረፈም። እሷ በየመካከሉ «እ» ትላለች።

«ጨረስኩ» አለ።

«ሌላስ?» አለች ኩሲት።

ዞር ብሎ አያት። «ሌላ ምን አለ? ሌላውን ሁሉ ስናገር ነው እኮ የኖርኩት።»

ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነ። ዕጢው ወጣ፣ ማንቁርቱ ወጣ። ጂምቡን አንገቱ ፊት ላይ በተከፈተው ቀዳዳ መተንፈስ ተማረ፤ ቁስሉ ከጠገገ በኋላ ጨረሩን ጨረሰ፤ ጥቂት በጥቂት የላመ ነገር በአፉ መዋጥ ቻለ። ንዴቱም ሐዘኑም ሳይቀር በእጁ የሚናገር ሰው ሆነ። ማሳው ላይ ድንጋይ በድንጋይ እያጋጨ ይጠራታል፤ እሷም ከታች ትመልሳለች። የመንደሩ ሰው ኩሲት ስትጮኽ መጀመሪያ የሰማ ቀን ቤት የተቃጠለ መስሎት ነበር።

ለክትትል ሲመለሱ ዶክተር ቫሳንታ በር ድረስ ወጥታ ተቀበለቻቸው። ቁስሉን አየች፣ አንገቱን ዳሰሰች፣ ደስ አላት። ከዚያ እንደ ልማዷ ወንበሯን አቀረበች።

«እሺ አጎቴ፣ እንዴት ነዎት? ምግቡስ?»

ጂምቡን ከልምድ አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ አየሩ ግን በአንገቱ በኩል እሽ ብሎ ወጣ።  ከዚያ ወደ ኩሲት ዞረና አገጩን ወደ ሐኪሟ ቀሰረ፤ ንገሪያት ማለቱ ነው።

ኩሲት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

«ጠዋት ገንፎ ሰጥቼው ከግማሽ በላይ በላ» አለች። «በእንቁላል ነው የሠራሁት። ትናንት ማታ ግን የአሳውን ሾርባ ትቶታል፤ ጠግቤ ነው ብሎ ሆዱን መታ፣ ውሸት ነው፣ ሲውጥ ግንባሩን ሲቋጥር አይቼዋለሁ። ሲነሣ ያዞረዋል። ለርስዎ እንዳልነግር ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ለምኖኛል፤ ይኸው እየነገርኩዎት ነው። መንካቱን ትቷል፤ ሳህኑን ራሴ ነው የማየው። ማሳ ላይ ደግሞ ቀላል ነገር ብቻ ሥራ ስለው መሰላል ላይ ወጥቶ...»

ጂምቡን ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። ሁለት እጁን አንሥቶ አንድ ነገር አስረዳ፤ መሰላሉ አጭር ነው ለማለት ነበር።

«ቆይ» አለችው ኩሲት። «ገና አልጨረስኩም።»